ዶዚሜትሩ ከትከሻ አይውረድ፦ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበራችን አባላት፣ ከዞንና ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ የፈቀዱልንን እናመሰግናለን። የደብረ ብርሃን ብርድ ሳይበግራችሁ በማለዳ ለተገኛችሁት ደግሞ እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዓመቱን ሥራ በአጭሩ ልበልና ልለፍ። የቁጠባና ብድር ሒሳባችን ተመርምሯል። ለታመሙ መታከሚያ ሰጥተናል፣ ሐዘን ለደረሰባቸው ደርሰናል፣ የአቧራ ጭምብል አከፋፍለናል። የቀረውን ጸሐፊያችን ያነብላችኋል። መጥፎ ዓመት አልነበረም፣ እኔም ኮርቻለሁ። ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የጆሯችን ጉዳይ ነው።

ሙሽ ሸለቆ ውስጥ ከከሰሉ ጋር የተቀበረውን የቅጠል ቅሪት ፍለጋ ተመራማሪዎች እንደሚመጡ ታውቃላችሁ። ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ለክተው ነግረውናል። ደስ ይላል። ከሰሉን የሚቆፍረው ልጅ በቀን ስንት ጩኸት ጆሮው እንደሚገባ ግን የለካለት አልነበረም።

ዘንድሮ በስንት ደጅ ጥናት አንድ ዶዚሜትር በውሰት አገኘን። ትከሻ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ናት። ማይክሮፎኗ ጆሮ አጠገብ ሆኖ፣ ፈረቃው ከሚጀመርበት እስከሚያልቅበት ድምፁን ስትደምር ትውላለች። ጠዋት ከመሰካቷ በፊትና ማታ ከወረደች በኋላ መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ መፈተሻ ትፈተሻለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የዚያ ቀን ልኬት አይያዝም።

አሠሪው በበኩሉ ባለሙያ አምጥቶ ነበር። ሰውየው በእጅ የሚያዝ መለኪያ ይዞ ቢሮው ደጃፍ ቆመ፤ ክሬሸሩ ለጥገና በቆመበት ሰዓት ለካና «የሚያሳስብ ነገር የለም» ብሎ ሄደ። ጃክሃመር የያዘ ሰው ቢሮ ደጃፍ አይውልም! አንዴ ኮምፕሬሰሩ ሥር ነው፣ አንዴ ሎደሩ ሲኖትራኩን ሲጭን አጠገቡ ቆሟል። መለኪያው ከሰውየው ጋር መዞር አለበት ያልነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ክርክር መጣ፤ መሣሪያው በየትኛው ስሌት ይሞላ የሚል። እነሱ የአሜሪካ የማዕድን ማውጫዎች ደንብ ይሁን አሉ። በእ.ኤ.አ. 1999 የወጣው ማለት ነው፤ ለ8 ሰዓት 90 ዴሲቤል፣ ማለትም በድምፅ ጉልበት መለኪያው 90፣ ይፈቅዳል፣ 5 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ ይህን ጣሪያ ሲያሰላም ከ90 በታች ያለውን ድምፅ አይደምርም። ያው ደንብ 85 ላይ ሲደረስ አሠሪው የመስማት ምርመራ እንዲያቀርብ ማስገደዱን ግን አላነሱትም። እኛ የዚያው አገር የሥራ ጤና ምርምር ተቋም በእ.ኤ.አ. 1998 ያሳተመውን ይዘናል፤ መነሻው 85 ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። 100 ዴሲቤል ላይ የሚሠራ ሰው በእነሱ ስሌት 2 ሰዓት ይፈቀድለታል፣ በእኛ 15 ደቂቃ። በስብሰባ ላይ ስሌቱን አስረድቼ ስጨርስ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እስካሁን አልተቋጨም።

ይህን ስል የእኛን ጉድ ልደብቅ አይደለም። መሣሪያዋን ወስዶ ዛፍ ላይ ሰቅሏት የዋለ አባል አለን። «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ የጮኸባትም አለ፤ ይኼን ያህል እንኳ መሳቅ ይቻላል። ጠዋት በርዶት ጋቢውን በላይዋ የደረበው ብዙ ነው፤ ጋቢ ሲሸፍናት ድምፁ ይታፈናል፣ ሲያሻሻት ደግሞ የሌለ ድምፅ ትመዘግባለች። አዋጅ 1156/2011 አሠሪውን ብቻ አይደለም የሚያዝዘው፤ ለደህንነት የተሰጠንን መሣሪያ በአግባቡ መያዝ የእኛም ግዴታ ነው።

የፈራችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ውጤቱ ከፍ ካለ ከሥራ ያስወጡኛል ብላችሁ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ስም ሳይጻፍ በቁጥር ብቻ እንዲመዘገብ የወሰንነውም ለዚሁ ነው። ግን አንዴ የሞተ የጆሮ ሕዋስ መልሶ አይበቅልም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከቀጭኑ ድምፅ፣ 4000 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ሰውየው ለረጅም ጊዜ አይታወቀውም። ሰው ሲያወራ ይሰማዋል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይም። የአንዱ አባላችን ባለቤት «ቤት ውስጥ እንደ ተጣላን ሰው እየጮህን ነው የምናወራው» ብላኛለች። እሱ ደህና ነኝ ይላል።

አሁን ስለ ክሬሸር ክፍል ልናገር። ዞር ብላችሁ እዩ፤ አንድም የለም። ጩኸቱ የሚብሰው እነሱ ላይ ነው፣ መሣሪያዋን አንድ ቀን እንኳ ሙሉ ፈረቃ ያልያዙትም እነሱ ናቸው። ስብሰባው በእረፍት ቀን እንዲሆን የጠየቁትም ራሳቸው ነበሩ! እዚህ ያላችሁ ጎረቤቶቻቸው፣ የልጆቻቸው የክርስትና አባቶች፣ እባካችሁ ይህን እንዳልኩ ንገሯቸው፤ ተቀይሜያለሁም በሏቸው።

የውሰቱ ጊዜ ሊያልቅ ነው፣ ባለቤቶቹም እየጠየቁን ነው። የራሳችንን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፣ የኛ ካዝና ደግሞ ወርኃዊ መዋጮ ባልከፈሉ አባላት ምክንያት ሳስቷል። ውዝፍ ያለባችሁ፣ ሒሳብ ሹሟ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ከሰኞ ጀምሮ መሣሪያዋን የሚይዙ ሰዎች መመዝገቢያም እዚያው አለ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ለክሬሸር ክፍል ባዶ ትቻቸዋለሁ። ጸሐፊያችን፣ ሪፖርቱን ቀጥል።