በወረቀት ላይ የምናውቀው ቃል በጆሮ ለምን ያመልጠናል?

በእንግሊዝኛ የተጻፈ የትምህርት መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ተማሪ፣ ያንኑ ርዕስ መምህሩ በቃል ሲያስረዳ ግማሹ ያመልጠዋል። ብዙዎች ይህን በቃላት እጥረት ያሳብባሉ፤ ነገር ግን የንግግሩ ጽሑፍ ሲቀርብለት፣ ካመለጡት ቃላት አብዛኞቹ ድሮም የሚያውቃቸው ሆነው ይገኛሉ።



እንግሊዝኛ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍለ ቃል አጉልቶ ሌሎቹን ያደበዝዛል። «ፎቶግራፍ» ሲባል ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል። ሙያው «ፎቶግራፊ» ሲጠራ ግን ጫናው ወደ ሁለተኛው ይሻገርና የመጀመሪያው «ፈ» ወደሚመስል ድምፅ ይደበዝዛል፤ «ፎቶግራፊክ» ላይ ደግሞ ሦስተኛው ይጎላል። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት መሆኑን ሳያስብ የሚለይ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ፣ ለዚህኛው ልዩነት ግን አልተሞረደም።

ትንንሾቹ ቃላት የባሰ ያሳስታሉ። «ካን» በአዎንታዊ ዐረፍተ ነገር መካከል ሲገባ «ክን» ያህል ያጥራል፤ አሉታዊው «ካንት» አናባቢውን እንደያዘ ይቆያል፣ የመጨረሻው «ት» ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። ስለዚህ «ት»ን የሚጠብቅ አድማጭ «አይቻልም» የተባለውን «ይቻላል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ለዚህ የሚበጀው፣ በእኔ ግምት፣ ሌላ ሥራ እየሠሩ ለሰዓታት ፖድካስት መክፈት ሳይሆን፣ ጽሑፉ አብሮት ያለውን የአንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ፣ ጽሑፉን ሳያዩ፣ እየደጋገሙ መስማትና የሰሙትን መጻፍ ነው። ቀጥሎ ከጽሑፉ ጋር ማመሳከር፣ ያመለጠውን ቦታ ማስመርና ያንን መስመር ከተናጋሪው ጋር እኩል ድምፅ አውጥቶ ማለት ያስፈልጋል፤ አፍ በትክክል ያወጣውን ድምፅ ጆሮ በቀላሉ ይለየዋልና። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የ570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነርቢዎቹ) ዝርዝር ለትምህርት እንግሊዝኛ እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም፣ የተቀዳው ከተጻፉ የትምህርት ጽሑፎች ስለሆነ በዓይን ብቻ የሚያጠናው ሰው እዚያው ችግር ውስጥ ይቆያል።

ረጅም ገለጻ ሲደመጥ ሁሉንም መጻፍ አያዋጣም። «ሃውኤቨር» ከተባለ ሐሳቡ ሊታጠፍ ነው፤ «ፎር ኤግዛምፕል» ከተባለ እጅን ማሳረፍ ይቻላል። ያመለጠው ቦታ ላይ ክፍተት ትቶ መቀጠል ይሻላል፤ ይህ ክፍተት በኋላ ይጠቅመናል።

ለመናገር ደግሞ አንድን ርዕስ ለሦስት የተለያዩ አድማጮች፣ መጀመሪያ በ4፣ ቀጥሎ በ3፣ በመጨረሻም በ2 ደቂቃ መተረክ የታወቀ ልምምድ ነው። ሐሳቡ ስለማይለወጥ፣ በመጀመሪያው ዙር ቃል ፍለጋ የባከነው ጊዜ በሦስተኛው ይቀንሳል። ጓደኛ ከሌለ የስልክ መቅጃ ይበቃል፤ የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ላይ ደስ ባይልም።

በክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ንግግር ጥያቄ ቢሆን ይቀላል። «አልገባኝም» ብሎ ማቆም የጠፋው የት ላይ እንደሆነ ለመምህሩ አያሳየውም። በማስታወሻው ላይ ክፍተት የተወ ተማሪ ግን ከክፍተቱ በላይ ያለውን መስመር አንብቦ፣ «ሁለተኛውን ምክንያት ከውጤቱ ጋር እንዴት እንዳያያዙት ቢደግሙልኝ» ብሎ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይችላል።