ኮዱ አልቋል፤ ተጠቃሚው ጋ መቼ ደረሰ?

እሱ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። የምንቀዳው ከጎንደር፣ ከፒያሳ ነው። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ነው።

እሷ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጉዳይ ሲያብሰለስለኝ የከረመ ነው። አንድ የሶፍትዌር ሥራ "አለቀ" ከተባለ በኋላ ተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እሱ፦ የስልክ ቁጥሩን ነገር ንገሪያቸው እስቲ።

እሷ፦ እሺ። የምሠራው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል መያዣ ሲስተም ላይ ነው። ሲስተሙ በ09 የሚጀምር ስልክ ብቻ ነበር የሚቀበለው። በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው እንግዳ መመዝገብ አይችልም። ማስተካከያው አንድ መስመር ኮድ ነው። ሰኞ ጠዋት መርጅ ሆነ፤ ማለትም ከዋናው ኮድ ጋር ተቀላቀለ። ቴስቱ 20 ደቂቃ ፈጀ። ዲፕሎይ ማድረጉ፣ ሰርቨር ላይ መጫኑ ማለት ነው፣ 6 ደቂቃ። ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም ተጠቃሚው በሚሠራበት ሲስተም ላይ፣ የወጣው ግን ሐሙስ ከሰዓት ነው።

እሱ፦ እንዴ! ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሲሠራበት ነበር?

እሷ፦ ምንም። ስቴጂንግ በሚባለው የመሞከሪያ ሲስተም ላይ ቁጭ ብሎ "ይውጣ" የሚል ሰው ይጠብቅ ነበር። ሰውየውም ሰንፎ አይደለም፤ መልእክቱ ከሌሎች መልእክቶች ሥር ተቀብሮበት ነው። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ግን ሦስቱንም ቀን በደብተር ስትመዘግብ ሰነበተች። እሷን ሳስብ ነው የሚከፋኝ።

እሱ፦ ለዚህ ነው እኔ በየጣቢያው ሰዓት ይያዝ የምለው። መርጅ የሆነበት፣ ቴስት ያለፈበት፣ የተፈቀደበት፣ ፕሮዳክሽን የገባበት። እነዚህን አራቱን ሰዓቶች መመዝገብ በቂ ነው። ዶራ የሚባለው የታወቀው መለኪያ ከኮሚት፣ ማለትም ዲቨሎፐሩ ለውጡን ካስመዘገበበት፣ እስከ ፕሮዳክሽን ያለውን በአንድ ላይ ይቆጥራል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ድምር ብቻ ከያዝሽ ሥራው የት ላይ እንደታነቀ አታውቂም።

እሷ፦ ሰዓት ስትል፣ እኛ አገር አንድ ወጥመድ አለ። ቡድናችን የፈቃዱን ሰዓት በእጅ ነበር የሚጽፈው። አንድ ቀን "8፡40" ተብሎ ተጻፈ። የሰርቨሩ ሎግ ደግሞ ዲፕሎይ የተደረገው 11፡52 ላይ ነው ይላል። ቀንሼ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጠበቀ ብዬ ሪፖርት አደረግሁ።

እሱ፦ አልነበረም?

እሷ፦ 12 ደቂቃ ብቻ ነው! የኛ ከሰዓት 8፡40 በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ የሰዓት አቆጣጠር፣ 11፡40 ነው። ሰርቨሩ የሚጽፈው በዩቲሲ፣ እኛ የምንጽፈው በሐበሻ ሰዓት። ከዚያ ወዲህ በእጅ መጻፍ ቀረ። ፈቃጁ ቁልፉን ሲጫን ሲስተሙ ራሱ ሰዓቱን ይመዘግባል።

እሱ፦ ሌላው ስህተት አማካይ ነው። አምስት ሪሊዝ፣ ማለትም ለተጠቃሚው የወጣ ለውጥ፣ አለሽ እንበል፤ 4፣ 5፣ 6፣ 7 እና 128 ሰዓት የፈጁ። አማካዩ 30 ይመጣል። 30 ሰዓት የፈጀ ግን አንድም የለም። መሐለኛውን ውሰጂ፣ 6 ነው። ከዚያ 128ቱን ለብቻው አውጥተሽ "አንተ ምን ነካህ?" ብለሽ ጠይቂው።

እሷ፦ የኔም የስልክ ቁጥር ማስተካከያ እንደ 128ቱ ለብቻው ሲወጣ ነው የተገኘው።

እሱ፦ ወረፋውንም መቁጠር ነው። ጆን ሊትል የሚባሉ ምሁር በ1961 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሒሳብ ያረጋገጡት ነገር አለ። 12 ለውጥ ወረፋ ላይ ካለ፣ በቀን 3 ከወጣ፣ አንዱ በአማካይ 4 ቀን ይጠብቃል። ዲቨሎፐሩ በፍጥነት ቢጽፍ ወረፋውን ያረዝመዋል እንጂ አያሳጥረውም።

እሷ፦ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መጠበቅ ሁሉ ክፉ አይደለም። ዴቢያን የሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም አዲስ ፓኬጅ (አንድ ፕሮግራም) "ቴስቲንግ" ወደሚባለው ደረጃ ከማለፉ በፊት እንደ አጣዳፊነቱ 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ያቆየዋል። ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ ካለበት በዚያ መሐል እንዲታይ ነው። ያ ታስቦበት የተቀመጠ ጊዜ ነው። የኔ ሦስት ቀን ግን ማንም ያላሰበበት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ከጻፍናቸው ልዩነቱ ይጠፋል።

እሱ፦ ስለዚህ ከሰዓቱ አጠገብ ምክንያት ይጻፍ።

እሷ፦ አዎ። "ሰው ይጠበቃል"፣ "ቴስት ወድቋል"፣ "ሆን ብለን አቆይተነዋል"፣ በቃ። የሰው ስም ግን አይጻፍ። ስም ከገባ ሰው ሰዓቱን ማሳመር ይጀምራል፤ አይቼዋለሁ። ደግሞ ስንቱ ሪሊዝ ችግር ይዞ እንደወጣ አብሮ ይቆጠር፤ አለበለዚያ ፍጥነቱ ብቻውን ያታልላል።

እሱ፦ የጥምቀቱስ? እናንተ ከጥር 5 ጀምሮ ምንም አታወጡም አይደል?

እሷ፦ አናወጣም። ለከተራ ከተማው ይሞላል፣ አልጋ አይገኝም። በዚያ ሳምንት ሲስተሙን መነካካት በእንግዳ ላይ መጫወት ነው። እስከ ጥር 13 ዝግ ነን።

እሱ፦ ታዲያ እነዚያ ቀናት ከልኬቱ ይውጡ?

እሷ፦ አይውጡ። ተጠቃሚው እኮ ጠብቋል። "ሆን ብለን አቆይተነዋል" በሚለው ሥር ይግቡ። ዘንድሮ ደግሞ ከመዝጋታችን በፊት ስቴጂንግ ላይ የቀረ ነገር ካለ ጥር 4 ማታ አንድ በአንድ አየዋለሁ። የስልክ ቁጥሩ ዓይነት አንድ መስመር እዚያ ተረስቶ በዓሉን እንዲያልፍ አልፈልግም።