አዮናይዘር የአየር ማጣሪያ ይሠራል ወይ? ለጤናስ?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ የቤት ዕቃ ነው። ብዙዎቻችሁ ሳሎን ጥግ ላይ ቆሞ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ማሽን አላችሁ። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ ከአንገት የሚንጠለጠል ትንሽዬ ነገር የገዛችሁም አትጠፉም። ሁለቱም የተሸጡልን «አዮን ይረጫል፣ አየር ያጸዳል» ተብለው ነው። እኔ የቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ነው የምሠራው። ሰው ቤት ስገባ ማሞቂያውን ከፍቼ ሳልጨርስ ጥያቄው ይመጣል፦ «ይሄ ነገር ይሠራል ወይ? ለልጆቹስ አይጎዳም?»

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ምግቡም እየጠበቀን ነው። በአዮን ብቻ የሚሠራ ማሽን ላወጣችሁበት ገንዘብ የሚመጥን ሥራ አይሠራም። አንዳንዱ ጭራሽ ኦዞን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይጨምርላችኋል። ፋንና ደህና ፊልተር ያለው ተራ ማሽን ይበልጠዋል።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳ። አዮናይዘር ውስጥ ቀጭን ሽቦ ወይም የመርፌ ጫፍ የሚመስል ነገር አለ። እዚያ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲለቀቅ በዙሪያው ያለው አየር የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፤ አዮን የሚባለው ይኸው ነው። ቻርጁ አየር ላይ ወደሚንሳፈፈው አቧራና ጭስ ይተላለፋል። ቻርጅ የያዘ ብናኝ ደግሞ አጠገቡ ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። ምን ላይ? ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ነዋ! ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳው ጠቁሮ ያየ ሰው ካለ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሻጩ ይህንን እያሳየ «አዩ፣ እየሠራ ነው» ይላል። በከፊል እውነቱን ነው፤ ብናኙ ከአየሩ ወርዷል። ከቤቱ ግን አልወጣም። ልጆች ሶፋው ላይ ሲዘሉ ከፊሉ ተመልሶ ይነሳል።

ብናኙን የሚይዝ የብረት ሰሌዳ ያላቸውም አሉ። እነዚህ ትንሽ ይሻላሉ። ግን ፋን ከሌላቸው በውስጣቸው የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው። ሰሌዳው አቧራ ሲሸፍነውም አቅማቸው ይወርዳል፤ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት። ከገዛን በኋላ የሚያጥበው ስንቱ እንደሆነ ግን እኔ አልናገርም።

እዚህ አሜሪካ ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ሻርፐር ኢሜጅ የሚባል ኩባንያ አዮኒክ ብሪዝ የተባለ ማሽን ይሸጥ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ፊልተር መቀየር አያስፈልገውም፣ ሲያዩትም ያምራል። ኮንሱመር ሪፖርትስ የተባለው መጽሔት ፈተሸውና አየር በማጽዳት ደካማ ነው ሲል ጻፈ። ኩባንያው በ2003 መጽሔቱን ከሰሰ። ካሊፎርኒያ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2004 ክሱን ውድቅ አደረገው። ኩባንያው ይባስ ብሎ ለመጽሔቱ የጠበቃ ወጪ 525,000 ዶላር ከፈለ። ኋላ ደንበኞቹ በተራቸው ሲከሱት፣ ለያንዳንዳቸው የ19 ዶላር የመግዣ ኩፖን ልስጥና እንታረቅ አለ። ፍሎሪዳ ያለችው ዳኛ በ2007 ይህንን ስምምነት አልቀበልም አለች። በ2008 ኩባንያው ኪሳራ አወጀ። እንግዲህ የዚያ ማሽን ትልቁ ማስታወቂያ ድምፅ የለውም የሚል ነበር። ድምፅ ያልነበረው ደግሞ አየሩን በደንብ የሚገፋ ፋን ስለሌለው ነው። አየር ካልተንቀሳቀሰ ምን ይጸዳል?

ወደ ደህንነቱ እንምጣ። መብረቅ ከወረደ በኋላ አየሩ ላይ የምትሰማ ሰላ ያለች ሽታ ታውቃላችሁ? ኦዞን ነው። ያው ከፍተኛ ቮልቴጅ ኦክስጅኑን ሲመታው አዮናይዘሩም ኦዞን ሊያወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሽታ «ንጹሕ አየር» ይለዋል። እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ ይህ ሽታ ሲቀበለኝ መጀመሪያ የምፈልገው የማሽኑን ማጥፊያ ነው። ሰማይ ላይ ያለው ኦዞን ከፀሐይ ጨረር ይከላከልልናል። እንዲህ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ጉሮሮ ይከረክራል፣ ያስላል፣ ደረት ያሳምማል፣ አስም ያለበትን ሰው ያባብስበታል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሚለውም ቁርጥ ያለ ነው፦ ለጤና ከተፈቀደው መጠን ባልበለጠ ኦዞን የቤት አየር የማጽዳት አቅሙ እምብዛም ነው። እንዲያጸዳ ብላችሁ መጠኑን ብትጨምሩት ደግሞ የሚጎዳው እናንተን ነው።

ካሊፎርኒያ በዚህ ቀድማለች። በ2006 ሕግ አወጣች፤ በ2007 ደንቡ ጸደቀ። እዚያ የሚሸጥ የቤት አየር ማጣሪያ ከሚሊዮን እጅ 0.050 በላይ ኦዞን እንዳያወጣ ተከለከለ። ደንቡን ያሟሉ ማሽኖች ዝርዝር የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አለ። ማንም ገብቶ የማሽኑን ሞዴል መፈለግ ይችላል። እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖረውም ዝርዝሩን ብናይ የሚከለክለን የለም። እዚያ ከሌለ አትግዙት፤ ገዝታችሁ ከሆነም ከመኝታ ቤት አውጡት።

«የኔ ኦዞን አያወጣም ተብሏል» የሚል አለ። ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ ብዙም አያወጡም። ግን በ2021 የወጣ አንድ ጥናት አለ። የኢሊኖይ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የፖርትላንድ ስቴትና የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባይፖላር አዮናይዘር የሚባለውን፣ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም አዮን የሚረጨውን ዓይነት ፈትሸው ነበር። ብናኙን ይህን ያህል አልቀነሰውም። አንዳንድ ኬሚካሎችን ቀነሰ፣ ሌሎችን ግን ጨመረ። ኦዞን የሚያወጣው ዓይነት ደግሞ ከሎሚ ሽታ ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝና በጣም ደቃቅ ብናኝ ይፈጥራል። ወለሉን በሎሚ ሽታ ወልውለን ማሽኑን መክፈት፣ ማጽዳት የመሰለን ነገር ማቆሸሽ ይሆናል ማለት ነው።

አሁን ስለ እኛ ቤት ላውራ። እዚህ ላይ እናቶች እንዳትቆጡኝ። ቡና ሲፈላ እጣን ይጨሳል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ግን እጣኑ የሚያወጣው ጭስ ጭስ ነው። አፓርታማ ደግሞ ጥብቅ ነው፣ መውጫ የለውም። አዮናይዘሩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣችሁ «ያጸዳልኛል» አትበሉ። መስኮት ክፈቱ፤ የማብሰያው መምጠጫ አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ከሆነ እሱንም ክፈቱት። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከሰሉ ነው። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። አዮናይዘርም ሆነ ማንኛውም የቤት ፊልተር ይህን ጋዝ አይዝም። ራሳችን ሲያዞረን «እጣኑ በዛ» እንላለን፤ ጥፋቱ ግን የከሰሉ ሊሆን ይችላል። ለእጣን የኤሌክትሪክ ማጨሻ ተጠቀሙ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም ግዙ። ከዚህ ሁሉ ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ።

ታዲያ ምን እንግዛ? በ2023 ጁን ላይ የካናዳ ሰደድ እሳት ጭስ ዋሽንግተንን ሲሸፍናት ታስታውሳላችሁ። የአየሩ መለኪያ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ማለትም በጣም ጎጂ የሚባለው ደረጃ የገባ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ማጣሪያ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ የጠቀመው ሄፓ የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ነው። መለኪያው 0.3 ማይክሮን የሚሆን ብናኝ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 99.97 በመቶውን ይይዛል። ካርቶኑ ላይ ሲኤዲአር የሚል ቁጥር ፈልጉ። በደቂቃ ስንት ኪዩቢክ ፊት ንጹሕ አየር እንደሚሰጥ የሚናገረው እሱ ነው። ለጭስ የተጻፈው ቁጥር በስኩዌር ፊት ከተለካው የክፍሉ ስፋት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ይሁን። ክፍሉ 150 ስኩዌር ፊት ከሆነ 100 ይበቃል ማለት ነው። የሰደድ እሳት ጭስ ሲመጣ ግን ቁጥሩ ከስፋቱ እኩል ቢሆን ይመረጣል። ብዙ የሄፓ ማሽኖች «አዮን» ወይም «ፕላዝማ» የሚል ቁልፍ አላቸው። አጥፉት፤ ፊልተሩ ያለ እሱ ይሠራል።

ገንዘብ ለሌለው ሰውም መላ አለ። በ2020 ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል የሚባሉ ሰዎች ያመጡት ሳጥን ነው። የማጣራት ደረጃው ሜርቭ 13 የሚባለውን የቤት ማሞቂያ (ፈርነስ) ፊልተር አራት ወይም አምስት ትገዛላችሁ፤ በሳጥን ቅርጽ ገጥማችሁ ላዩ ላይ ቦክስ ፋን የሚባለውን ተራ ባለ አራት ማዕዘን ፋን አስቀምጣችሁ በቴፕ ታሽጉታላችሁ። አያምርም፣ ይጮሃል። አየሩን ግን ያጸዳል። አንዱን ሠርቼ አምጥቻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ ነው ያለው። ከምሳ በኋላ መጥታችሁ እዩት፤ ፊልተሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገባ አሳያችኋለሁ፣ ፊልተሩ ላይ ያለውን ቀስት ገልብጠው የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። የማሽናችሁን ሞዴል በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ከሆነም አምጡልኝ፣ የካሊፎርኒያው ዝርዝር ላይ አብረን እንፈልገዋለን። አመሰግናለሁ።