እድራችን ለሕያውም ይድረስ

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ አባቶችና እናቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

እዚህ ደብረ ሲና ተወልጄ ያደግሁ፣ በነርስነት ያገለገልኋችሁ ልጃችሁ ነኝና በጠቅላላ ጉባኤያችን ስለ ጤና እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨው ንገረን ተብያለሁ፤ እደርስበታለሁ። ያመጣኝ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንድ አባት ከቅዳሴ ተመልሰው ቁርስ ሲቀርቡ በቀኝ እጃቸው የያዙት ብርጭቆ አመለጣቸው። አፋቸው ወደ ግራ ተጣመመ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ቢሰጣቸው ትን አላቸው። አንዱ ወጌሻ ይጠራ አለ፣ ሌላው ይተኙና ይለቃቸዋል አለ። መኪና የተፈለገው ሲመሽ ነው። ባለመኪናው የኮንትራቱን ዋጋ ሲጠራ ልጆቻቸው ብር ለመበደር በጨለማ ደጅ ለደጅ ዞሩ። ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጉሙ መንገዱን ዘጋው። 60 ኪሎ ሜትር ለማትሞላ መንገድ፣ ደብረ ብርሃን ሲገቡ ነግቷል።

በዚያች ሌሊት የእድራችን ሣጥን ገንዘብ ነበረው! ሞተው ቢሆን ጡሩንባ ይነፋ፣ ድንኳን ይተከል፣ ገንዘብ ያዡም ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይከፍል ነበር። ስላልሞቱ አንድ ሳንቲም አልወጣላቸውም። ምነው ወገኖቼ! ወርኀዊ መዋጮ ሲከፍሉ የኖሩ ሰው ገንዘባቸውን የሚያገኙት ሬሳ ሲሆኑ ብቻ ነውን?

እኒያን አባት የጣላቸው ስትሮክ ነው፤ ስትሮክ ደግሞ ምች አይደለም። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። ትልቁ ሥር ከተደፈነ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ነርቭ ሕዋስ ይሞታል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ። «መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ መች ይገኝና?» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ነገር ግን ስኳር ሲወርድም ስትሮክ መስሎ ይጥላል፤ ይህ በጣት ደም ወዲያው ይለያል። መዋጥ ያቃተው ሰው የሚጠጣው ወደ ሳንባው እንዳይገባም ጠባቂ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሁሉ በጊዜ መድረስ ግድ ነው።

እኒያ አባት ተርፈው በከዘራ ይሄዳሉ። ሆኖም እጃቸው በደነዘዘ ቁጥር «መጣብኝ» እያሉ ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ብቻቸውን ከደጅ አይወጡም። «እምነት አንሷቸው ነው» ሲባል ሰምቼ አዝኛለሁ። ከስትሮክ ከተረፉት ከ4 ወይም ከ5 ሰዎች አንዱን ያህል ጭንቀት ይይዘዋል። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል አደጋ በሌለበት ሲያስጠነቅቅ፣ በግንባር በኩል ያለው ክፍል ደግሞ ማረጋጋት ሲሳነው የሚብስ ሕመም ነው። በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። ጸበላችሁን ተጠመቁ፤ ኪኒናችሁንም አታቋርጡ።

ጨው ቀንሱ፣ ግፊታችሁን ተለኩ።

አሁን ጥያቄዬን ላቅርብ። አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ አባል ሲገኝ ገንዘብ ያዡ ስብሰባ ሳይጠብቅ፣ በሌሊትም ቢሆን የመኪና ይክፈል፤ የሾፌሮች ስልክም በየቤታችን ይለጠፍ። ደንቡ ዛሬውኑ ይሻሻል፤ የተከበሩ ዳኛ፣ ድምፅ ያሰጡልኝ።