ማን አዘዘህ?

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ ነበር፣ እሱ ይቆየን፣ የመኪናችንን የቡሬን ነገር ሳላወራ ሌላ ነገር ላውራ ብዬ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

አዎ ቡሬ ታሞ ነበር። አሁን ተሽሎታል፣ ይመስለኛል፣ እመጣበታለሁ። ጋሼን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ሰሞኑን ማታ ማታ እራት ሳይቀርብ ወጥቶ ኮፈኑን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ነው የሚገባው። እማዬ ተናግራ ተናግራ ትታዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። ከሜክሲኮ ለገሃር፣ ከለገሃር ስታዲየም፣ ሽው ነው። ቸርችልን ይዞ ሽቅብ ሲል ግን፣ ያውም ዕቃ ጭኖ ከሆነ፣ ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ ወደ ማዘጋጃው ሲቃረብ ጉልበቱ ጥፍት ይላል። ነዳጅ ትረግጣለህ፣ ምንም። የቼክ ኢንጂን መብራት ቦግ ይላል፣ ከኋላ ሚኒባሱ ጡሩምባውን ያንባርቀዋል፣ ጋሼ ዳር ይይዛል፣ አጥፍቶ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሄዳል። ይሄ ነው ሰው የሚያሳብደው፣ አንደኛውን ቆሞ ቢቀር እኮ ይሻላል።

ሰፈር ውስጥ ያልመረመረው የለም። አንዱ ከፍታው ነው ይላል፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል። እውነት አለው፣ ግን አየር ያነሰው ናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ናፍጣው ተርፎ በደንብ ሳይቃጠል ስለሚወጣ። ቡሬ ደክሞም ጭስ የለውም። ከኋላው በሌላ መኪና ተከትዬ አይቼዋለሁ፣ ንጹህ ነው። ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ እንግዲህ የጎደለው ናፍጣው ነው፣ ወደዛ ነው የሚያመለክተው።

ጋራዥ ሄድን። ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ማስተሩ ስካነሩን ሰካው፣ ፒ 0087 አወጣ። ሬይሉ ላይ፣ ማለትም ናፍጣው ታምቆ ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት እንጀክተሮች የሚከፋፈልበት ቧንቧ ላይ፣ ያለው የነዳጅ ግፊት አንሷል ማለት ነው። ማስተሩ ስክሪኑን አይቶ ሳይጨርስ፣ እውነቴን ነው፣ "ጋሼ፣ ፖምፓው ሞቷል" አለ። ናፍጣውን ወደ ሬይሉ የሚገፋውን ፓምፕ ማለቱ ነው። ስልኩን አወጣ፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ደወለ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ዋጋውን ሲናገር የጋሼ ፊት... ተዉት።

ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን ልበል። ያ ኮድ ግፊቱ አንሷል ነው ያለው። ለምን አነሰ አላለም። ግፊት የሚያንስበት መንገድ ስንት ነው! ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል። ታንከሩ ውስጥ ያለው ወንፊት ቆሻሻ ይዞ ይሆናል፣ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ስንቴ ገብቶበታል፣ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። ፖምፓው ላይ ያለችው፣ የሚገባውን ናፍጣ የምትመጥነው ቫልቭ ተጣብቃ ይሆናል። እንጀክተሮቹ ውስጥ ለውስጥ እያሳለፉ ወደ ታንከር እየመለሱት ይሆናል፣ እሱን ለማወቅ ደግሞ የየእንጀክተሩን መመለሻ በየጠርሙሱ ከተህ ሞተሩን አስነስተህ የትኛው ጠርሙስ ቀድሞ እንደሚሞላ ማየት ነው፣ ጠርሙስ እኮ ነው! ፖምፓ ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ደህና ሲሆን ነው የሚጠረጠረው። ውድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ አዲስ ፖምፓ ገጥመህ ችግሩ ፊልትሮው ጋ ከሆነ ያው ቸርችል ላይ ትቆማለህ፣ ያውም ገንዘብህ ወጥቶ።

ብቻ ማስተሩን ክፉ አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ሰውየው ያደገው በአሮጌዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ነው፣ ስሪ ኤል፣ ፋይቭ ኤል፣ ዋን ኤች ዜድ፣ እነሱን በጆሮው ነው የሚያውቃቸው። እነሱ ላይ ሞተሩ እየሠራ የእንጀክተሩን ቧንቧ ፈታ አድርገህ የትኛው እንደማይሠራ ትለያለህ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የተማረው። ዲ ፎር ዲ ላይ፣ እንደ ቡሬ ባለው በኮምፒውተር በሚታዘዘው አዲሱ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ላይ ግን ይሄን እንዳታደርጉ፣ በፈጠራችሁ! ሞተሩ ሳይረገጥ እንኳን ሬይሉ ውስጥ 300 ባር አካባቢ አለ፣ ጭነት ሲመጣ ከ1000 ያልፋል፣ የጎማችሁ ነፋስ 2 ባር ተኩል ቢሆን ነው። እንደዛ ሆኖ የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ላዩ ላይ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፣ ውስጡ ግን... ሰው ጣቱን ያጣበታል። የሚሰማኝ የጋራዥ ልጅ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ እጅህን አታስጠጋ። ትንሽም ብትመስል ሐኪም ቤት ሂድ።

እሺ። ወደ ልጁ ልምጣ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ልጁ ነው።

ረዳቱ ማለቴ ነው። ገና ልጅ ነው። ስሙን አልሰማሁም፣ እዛ ግቢ ውስጥ ሁሉም "አንተ" ነው የሚለው። ማስተሩ ስልክ ላይ እያለ ይሄ ልጅ ከመሳቢያ ውስጡ የሚታይ ነጭ ላስቲክ ቱቦ አወጣ፣ አጭር። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጎማ ነቀለ፣ መሃል ላይ ያንን ቱቦ አስገባ፣ ሁለቱንም ጫፍ በፋሸታ፣ ጎማ በምታስረው ቀለበት፣ አጠበቀ፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ ጫን ጫን አደረጋት። ከዛ "ጋሼ፣ አስነሱት እስቲ" አለ።

ተነሳ። እኔ ቱቦው ላይ ጎንበስ ብያለሁ። ናፍጣው ቢጫ ነው፣ መጀመሪያ የቆመ ነው የሚመስለው፣ ከዛ አንዲት አረፋ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል፣ ስታልፍ አየሁ። ከዛ ሌላ። ልጁ "ይርገጡት" አለ፣ ጋሼ ረገጠው፣ አረፋው ተከታተለ፣ ቢጫው ነጣ፣ ቱቦው ውስጥ ናፍጣ ይሁን አረፋ መለየት አቃተኝ። ልጁ ቀና ብሎ፣ በጣም ቀስ ባለ ድምጽ፣ "ጋሼ፣ አየር እየሳበ ነው" አለ።

ማስተሩ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ዞር አለና "ማን አዘዘህ?" አለው።

አልጮኸም። ይሄን ነው እያሰብኩ የማድረው። ቢጮህ ንዴት ነው እላለሁ፣ ይገባኛል። እሱ ግን በተራ ድምጽ ነው ያለው፣ እና ልጁ ወዲያው እጁን ከቱቦው አነሳ። ወዲያው! ለምዶታል ማለት ነው አይደል? ሞተሩ እየሠራ ነው፣ አረፋው እየሄደ ነው፣ ሁላችንም እያየነው ነው፣ ልጁ ግን መሬት መሬቱን ነው የሚያየው፣ መጀመሪያ ያየው እሱ ሆኖ እያለ።

ጋሼ ከጋቢናው ወረደ። ቱቦውን አየ፣ ማስተሩን አየ፣ ከዛ ልጁን "ድገመው እስቲ የኔ ልጅ" አለው። ልጁ ማስተሩን አየ። ማስተሩ ስልኩን ዘጋ። እና እዚህ ጋ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፣ ማስተሩ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጣት በጣት፣ ጨርቁን ኋላ ኪሱ ከተተ፣ ካርቶን አነጠፈና ራሱ መኪናው ስር ገባ። ልጁን ግባ አላለውም። ራሱ ገባ።

ከታንከሩ የሚወጣው ጎማ ነው የተገኘው፣ ፋሸታው ስር ደርቆ ተሰንጥቋል። መሬት ላይ እኮ አንድ ጠብታ የለም! ለምን መሰላችሁ፣ ቡሬ ታንከር ውስጥ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለውም፣ ናፍጣውን ከታንከር ስቦ የሚያመጣው ፖምፓው ራሱ ነው፣ ስለዚህ ያ መስመር ሲሰነጠቅ ናፍጣ ከሚያፈስ ይልቅ አየር ይስባል። ደግሞ ሲስብ ናፍጣውን ከታንከሩ ገፍቶ የሚሰጠው የውጭው አየር ነው፣ የዛ አየር ግፊት አዲስ አበባ ላይ፣ ናፍጣችን ከሚመጣበት ከጅቡቲ ጋር ሲተያይ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ትንሽ ስንጥቅም ትንሽ የተደፈነ ፊልትሮም ቶሎ ይሰማል። ያ የከፍታው ሰውዬ አንድ ነገር ነክቷል ማለት ነው፣ በሌላ በር።

ጎማው ተቀየረ። ስካነሩ ላይ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊትና ሬይሉ ውስጥ ያለው ጎን ለጎን ይታያል፣ ሲረገጥ ተያይዘው ወጡ። ማስተሩ የጎማውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ፣ የእጁን እንኳን አልጠየቀም። ይሄ ነው ደግሞ የሚያምታታኝ። ሊያጭበረብር የፈለገ ሰው እንደዛ ያደርጋል? አፍሮ ነው? ወይስ ከልቡ ፖምፓው ነው ብሎ አምኖ ነበር? አንዳንዴ እሱም በልጅነቱ ስንት "ማን አዘዘህ" እየሰማ አድጎ ነው እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ይሄ ሰበብ ነው እላለሁ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቁም እንጂ! ልጁ ያየውን ነው የተናገረው። ኮዱን አይቶ ለምን ብሎ ጠየቀ፣ ይሄ እኮ ሙያው ራሱ ነው፣ ይሄንን ነው ዝም በል የተባለው።

ስንወጣ ጋሼ ልጁ ኪስ ውስጥ ብር አደረገለት። ልጁ መጀመሪያ ያየው ማስተሩን ነው።

ሰሞኑን በዛ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ልጁ የለም። ሌላ ልጅ ነው ጎማ የሚነፋው። ማስተሩ "እንዴት ነሽ እህቴ፣ ቡሬ እንዴት ነው" አለኝ፣ በስሙ ጠራው፣ ደህና ነው አልኩ፣ ያ ልጅስ ልል ስል ደንበኛ መጣ። ጋሼ "ተይው፣ የልጁን እንጀራ እንዳትነኪ" ይላል። እማዬ "ሄደሽ ጠይቂ" ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው።

እረፍት ወጥቶ ይሆናል። ሌላ ጋራዥ ገብቶ ይሆናል፣ እንደሱ ያለ ልጅ ሥራ አያጣም፣ ማለቴ... ያጣል እንዴ? ቡሬም ትናንት ቸርችል ላይ አንዴ ቅር አለኝ፣ መብራቱ አልበራም፣ ጋሼ ምንም አልተሰማኝም ይላል፣ እኔ ግን ስካነሩ ዳገቱ ላይ ተሰክቶ ባይ ደስ ይለኛል፣ ያየነው ቁጥር እኮ ግቢ ውስጥ ቆመን ነው። ፊልትሮውንም አልቀየርነውም። ፊልትሮውንም ቀይሩት ያለው እሱ ልጅ ነው። ቆይ እንደውም፣ እሱን ያለው "ማን አዘዘህ" ከመባሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ እኮ... ጋሼን ልጠይቀው፣ እሱ ያስታውስ ይሆናል...