የባህር ወንበዴዎችና ውላቸው፦ ሦስት መነበብ ያለባቸው መጻሕፍት

[ምስል፦ በእጅ የተሣለ የደሴት ካርታ]

የባህር ወንበዴ ሲባል ምን ይታያችኋል? አንድ እግሩ የተቆረጠ ሰው፣ ትከሻው ላይ የተቀመጠ በቀቀን፣ ወርቅ የተቀበረበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ። ይህን መልክ ከማንም በላይ በአእምሯችን የቀረጸው ስኮትላንዳዊው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ነው። በዚህ ቪዲዮ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1881፣ በነሐሴ ወር፣ ስቲቨንሰን ስኮትላንድ ውስጥ ብሬማር በምትባል መንደር ነበር። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል ከእንጀራ ልጁ ጋር ሆኖ የአንድ ምናባዊ ደሴት ካርታ ሣለ። ታሪኩ የመጣው ከካርታው በኋላ ነው። መጀመሪያ በልጆች መጽሔት ላይ በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 ደግሞ «ትሬዠር አይላንድ» ተብሎ በመጽሐፍ ታተመ።

ስቲቨንሰን ከማን ምን እንደተዋሰ አልደበቀም። በቀቀኑ የሌላ ልቦለድ ጀግና የሆነው የሮቢንሰን ክሩሶ እንደነበረ ራሱ ጽፏል። ከልቦለዱ ወንበዴዎች አንዱ ግን እዝራኤል ሃንድስ ይባላል፤ ይህ በሕይወት የነበረ ሰው ስም ነው። ስሙን ተከትለን ስንሄድ ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ እንደርሳለን።

[ምስል፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን ማተሚያ ቤት]

በ1724 ለንደን ውስጥ ካፒቴን ቻርልስ ጆንሰን በሚል ስም አንድ የባህር ወንበዴዎች ታሪክ ታተመ። ጥቁር ጺም የሚባለው ወንበዴ ከተገደለ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። መጽሐፉ እንደሚተርከው አንድ ምሽት ጥቁር ጺም ከሃንድስና ከሌሎች ጋር ሲጠጣ ቆይቶ በጠረጴዛው ሥር ሁለት ሽጉጦችን አዘጋጀ፤ ሻማውን እፍ ብሎ አጠፋና ተኮሰ። ሃንድስ ጉልበቱን ተመቶ ሽባ ሆነ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ አልፎ አልፎ ከመካከላቸው አንዱን ካልገደለ ማን መሆኑን ይረሱታል ሲል መለሰ።

ጭካኔው ሁላችንም የምንጠብቀው ነው። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከብ ውል ነው። ሮበርትስ ከ400 በላይ መርከቦችን እንደያዘ የሚነገርለት የዌልስ ሰው ነበር፤ በ1722 በዛሬዋ ጋቦን ጠረፍ አጠገብ ተገደለ። ውሉን ስሙት፦ በትልልቅ ጉዳዮች ላይ እያንዳንዱ ሰው ድምፅ አለው። በገንዘብ ቁማር መጫወት ክልክል ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል። የተጣላ ሰው መርከብ ላይ አይማታም፤ ጠቡን የብስ ላይ ወርዶ ይጨርሳል። ሙዚቀኞች በሰንበት ያርፋሉ። ካፒቴኑ ከምርኮው የሚደርሰው ሁለት ድርሻ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን በንግድ መርከብ ላይ መርከበኛውን ካፒቴኑ ይገርፈው ነበር፤ ደመወዙም ትንሽ ነበረች። ይህን ስናውቅ ወንበዴ የሆነው ሁሉ ወርቅ አሳስቶት ብቻ እንዳልሄደ ይገባናል። ድምፅ ማግኘትም ትልቅ ነገር ነው።

ግን ጆንሰንን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። በሁለተኛው ቅጽ ማዳጋስካር ላይ የነጻ ሰዎች ሪፐብሊክ ስለመሠረተ ሚሶን ስለሚባል ካፒቴን ይተርካል። ታሪኩ ውብ ነው፤ ፈጠራ ነው።

[ምስል፦ የካሪቢያን ባህር፣ የቶርቱጋ ደሴት]

ሦስተኛውና ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ከእነዚህ ይቀድማል። አሌክሳንደር ኤክስከምሊን በ1666 ወደ ቶርቱጋ የሄደው በውል የታሰረ አገልጋይ ሆኖ ነው። ጌታው አሠቃየው፤ ነጻ ከወጣ በኋላ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ወንበዴዎቹን ተቀላቀለ። ከወንበዴዎቹ መሪ ከሄንሪ ሞርጋን ጋር ዘምቶ የፓናማን መዘረፍ በዓይኑ አይቷል። ያየውን በ1678 አምስተርዳም ውስጥ በሆላንድ ቋንቋ አሳተመ። ሞርጋን በእንግሊዝኛ የታተሙትን ትርጉሞች ሲያይ ስሜ ጠፋ ብሎ አሳታሚዎቹን ከሰሰ፤ ካሣም አገኘ።

ሐኪም በመሆኑ አጻጻፉ ቀዝቃዛና ዝርዝር ነው። ወንበዴዎቹ ከመዝመታቸው በፊት ለቆሰለ ሰው የሚከፈለውን ይዋዋሉ ነበር። ቀኝ እጁን ላጣ 600 የስፔን የብር ገንዘብ፣ ግራ እጁን ላጣ 500፣ ለአንድ ዓይን 100። ጓዳቸውን ሜዳ ላይ የማይጥሉ ሰዎች ናቸው ብላችሁ ልታደንቋቸው ስትሉ ግን የሚቀጥለውን ታነባላችሁ፤ በገንዘቡ ፈንታ ባሪያ መቀበል ይቻላል። ለቀኝ እጅ ስድስት ሰው፣ ለአንድ ዓይን አንድ ሰው። እኩልነቱን የጻፈው ብዕር በዚያው መስመር ሌሎችን እንደ ገንዘብ ቆጥሯቸዋል። ስለ ባህር ወንበዴ ነጻነት የሚያወሩ አዳዲስ ልቦለዶች ይህን መስመር ሲዘሉት ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ካሪቢያን ያኔ የቆመችው በዚሁ ንግድ ላይ ነበር።

ታዲያ ከየት ትጀምሩ? ለልጆች የምታነቡ ከሆነ ከስቲቨንሰን ጀምሩ፤ ትረካው ዛሬም ልብ ይሰቅላል። ለራሳችሁ ከሆነ ግን ኤክስከምሊንን አስቀድሙ፣ ጆንሰንን አስከትሉ። የሦስቱም የቅጂ መብት ዘመን ስላለፈ በዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በነጻ ታገኟቸዋላችሁ። ኤክስከምሊን ዘንድ ስትደርሱ መጀመሪያ የካሣውን ዝርዝር ፈልጉ።