ሐሞቷ ፈሰሰ ስንል

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ እናቴ ነው።

አባቴ ያረፈ ሰሞን እማዬ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ተበትኖ እንኳ እሷ እዚያው ናት። ስልኳ አጠገቧ ይጮኻል፣ እጇን አትሰነዝርም። እኔ በየቀኑ "በርቺ እንጂ እማዬ፣ ለእኛ ስትይ ተነሺ" እላታለሁ። አንድ ቀን ቀና ብላ አየችኝና "ብነሳስ ምን ይለወጣል ልጄ?" አለች። መልስ አጣሁ። ጎረቤት "ሐሞቷ ፈሰሰ" ይል ነበር፤ እኔም በልቤ ደካማ ናት ብዬ ፈርጄባታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የአሜሪካውያኑን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የማርቲን ሴሊግማንንና የስቲቨን ማየርን ሥራ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 1967 በውሾች ላይ የሠሩትን ሙከራ አሳተሙ። አንዱ ውሻ በጭንቅላቱ ሰሌዳ ሲገፋ የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ይቆምለታል፤ ሌላው ምንም ቢያደርግ አይቆምለትም። በማግስቱ ዘለው ሊያመልጡ የሚችሉበት ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። መቆጣጠር የቻሉት ዘለሉ። ካልቻሉት ብዙዎቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። "ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም" የሚለውን ተምረዋል ተባለ። የእማዬ ቃል ነው እኮ!

ውስጤን የነካው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ማየር ወደ አንጎል ጥናት ዞሮ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በአይጦች ላይ ሠራ። ሁለት አይጦች እኩል ንዝረት ይደርሳቸዋል። አንደኛው ፊቱ ያለውን መዘውር ሲያዞር ለሁለቱም ይቆማል፤ የሌላኛው መዘውር ከምንም ጋር አልተያያዘም። ስቃያቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ መዘውሩ ብቻ።

አንጎል ግንድ ውስጥ ዶርሳል ራፌ የሚባል አነስተኛ የነርቭ ሴሎች ስብስብ አለ። መከራው ሲረዝም ሴሮቶኒን የሚባል የአንጎል ኬሚካል ይለቃል፣ ፍርሃት ያባብሳል፣ መታገልን ያስቆማል። ለዚህ ትምህርት አያስፈልገውም። ከግንባር ጀርባ ያለው ፕሪፍሮንታል ኮርቴክስ "ይሄን ያቆምኩት እኔ ነኝ" ብሎ ሲረዳ ነው ወደ ታች መልእክት ልኮ ዝም የሚያሰኘው። ማየርና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2005 ባወጡት ጥናት ያንን የኮርቴክስ ክፍል በመድኃኒት ለጊዜው አደነዘዙት። አይጡ እንደ ወትሮው መዘውሩን አዞረ፣ ንዝረቱን አቆመ። በኋላ ሲፈተን ግን ምንም ማድረግ እንዳልቻለው አይጥ ፈዝዞ ቀረ። እጁ ሠርቷል፣ አንጎሉ አላወቀለትም።

በፈረንጆቹ 2016 ሴሊግማንና ማየር የ50 ዓመት ሥራቸውን መለስ ብለው አዩና የድሮውን መደምደሚያቸውን ገለበጡት። እጅ መስጠት መነሻው ነው፣ የሚማሩት መቆጣጠርን ነው አሉ። ስም ያተረፉበትን ሐሳብ ራሳቸው ሲያፈርሱት ማየት ደስ ይላል።

አብዛኛው ሙከራ በወንድ አይጦች ላይ ነበር፤ በሴቶቹ ሲሞከር መዘውሩ ያንን ጥበቃ አልሰጣቸውም። ስለዚህ የእማዬን ሐዘን በአይጥ ሳጥን ልለካው አልደፍርም። ፈዝዞ መቅረት ግን የጠባይ ድክመት እንዳልሆነ አምኛለሁ። "በርታ" የሚለውን ቃልም ቀንሻለሁ።

ከእኔ ቀድመው የገባቸው ግቢያችን ያሉ አንዲት አሮጊት ናቸው። አንድ ቀን መጡ፣ አላጽናኗትም። ብረት ምጣዱን ከነቡናው እጇ ላይ አኖሩና "የኔ ዓይን እንደሆነ አያይልኝም፤ እንዳያርብኝ አንቺ ቁዪልኝ" አሏት።

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ነቅነቅ አደረገችው። ቡናው መንጣጣት ጀመረ፣ ጭሱ ፊቷን ሸፈናት፣ ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች ታማስላለች። ጠቆር ሲል ማንም ሳይነግራት ከእሳቱ አወረደችው።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ከሰሉ ተያይዟል። ያቀጣጠለችው እሷ ናት።